በየትኛው እንቅረጽ? ስለ መቅረጫና ማስተሪንግ ሶፍትዌር አመራረጥ

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለድምፃውያን፣ ለኪቦርድ ተጫዋቾችና በየከተማው አነስተኛ ስቱዲዮ ለከፈቱ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

እንደምን ዋላችሁ።

ንግግሩ አልቆ ቡና ላይ ስንቀመጥ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ስለሆነ በእሱው እንጀምር። «የትኛው ሶፍትዌር ነው ድምፁ የሚያምረው?» ኩቤዝ የሚል አለ። ፕሮ ቱልስ ከሌለው ስቱዲዮ አይባልም የሚል አለ። አንዱ ቀጭን ነው፣ ሌላው ሞቅ ይላል የሚልም አይጠፋም። የቀዳችሁትን ድምፅ ሳትነካኩ መልሳችሁ ብታወጡት ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ይህንን በክርክር ሳይሆን ሩብ ሰዓት በማይፈጅ ሙከራ ማየት ይቻላል።

በአንድ ማይክ የተቀዳ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) የማሲንቆ ፋይል ውሰዱ። ሪፐር ውስጥ አስገቡት፤ ፌደሩ (የድምፅ መጠን ማስተካከያው) ዜሮ ላይ፣ ፓኑ (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚወስደው) መሃል፣ ፕላጊን (በድምፁ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ምንም። 24 ቢት ስቴሪዮ ዌቭ አድርጋችሁ አውጡት። ያንኑ ፋይል ኩቤዝ ውስጥ አስገቡና በዚያው አኳኋን አውጡት። ከዚያ ሁለቱን ውጤቶች በአዲስ ፕሮጀክት ላይ በሁለት ትራክ ደርድሩና የአንዱን ፌዝ ገልብጡ፤ የሞገዱ ላይ ወደ ታች፣ ታቹ ወደ ላይ ይሁን ማለት ነው። ፋይሎቹ አንድ ከሆኑ አንዱ ሌላውን ይበላዋል፤ ሜትሩ ንቅንቅ አይልም።

መጀመሪያ ስትሞክሩት ግን ዝም አይልም፤ ማሲንቆው ደከም ብሎ ይሰማል። ሶፍትዌሮቹ ተለያዩ ማለት አይደለም። የፓን ሕጋቸው ነው የተለያየው። ኩቤዝ ስትጭኑት እንደመጣ ከተውት መሃል ላይ ያለን ሞኖ ድምፅ 3 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ይቀንሰዋል፤ ድምፁ ከጎን ወደ ጎን ሲሄድ ጉልበቱ እንዳይለዋወጥ ነው። ሪፐር እንደመጣ ከተውት መሃሉን አይነካውም። ሪፐር ላይ ከፕሮጀክት ሴቲንግ፣ ኩቤዝ ላይ ደግሞ ከፕሮጀክት ሴትአፕ ገብታችሁ ሁለቱን አንድ ዓይነት ስታደርጓቸው ዝምታው ይመጣል። ሞቅ አለ፣ ቀዘቀዘ ከሚባለው ብዙው ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ጆሮ 3 ዲቢ ከፍ ያለውን ሁልጊዜ «ይሄ ይሻላል» ይላል። ሙሉ ሚክስ (የሁሉም ትራክ ድምር) ላይ ደግሞ መሃል የቆመው ድምፃዊ ከግራና ከቀኝ ካሉት ጋር ያለው ሚዛን ስለሚለወጥ ልዩነቱ የሶፍትዌሩ ጠባይ መስሎ ይታያል።

ስለዚህ ምርጫው በድምፅ አይደለም። የሚቀዳው ነገር ምንድን ነው፣ ያለው ላፕቶፕ ምን ይችላል፣ ገንዘቡ በምን ይከፈላል፣ መብራት ሲሄድስ ሥራው ምን ይሆናል፤ መመረጥ ያለበት በእነዚህ ነው።

ወደ ጎጃም ስቱዲዮ ደጅ የሚመጣው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። አንደኛው በኪቦርድ የሚቀናበር ነው፤ ምቱ ከሳምፕል (ቀድሞ ከተቀዳ ድምፅ)፣ ቤዙ ከኪቦርድ፣ በላዩ ድምፃዊ። ሁለተኛው ማሲንቆውን እየገዘገዘ የሚዘፍን አዝማሪ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ በገና ይዞ የሚመጣ ዘማሪ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ሚዲ (ኪቦርዱ ላይ የተነካውን እንደ ኖታ የሚመዘግበውን ዘዴ) ይፈልጋል። ሁለተኛው የሚፈልገው ብዙ ማይክ በአንድ ጊዜ መቅዳትን፣ መቁረጥንና መቀጠልን ነው።

ለኪቦርድ ሥራ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ኩቤዝ፣ ኤብልተን ላይቭ፣ ማክ ላለው ደግሞ ሎጂክ ፕሮ ጥሩ ናቸው። ኤፍኤል ስቱዲዮን አንዴ ከገዛችሁት ተከታዮቹ እትሞች ዕድሜ ልክ በነፃ ይመጡላችኋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ወጥመድ ግን አለው። ፍሩቲ የሚባለው ርካሹ እትም ድምፅ በማይክ አይቀዳም፤ ድምፃዊ የሚቀዳ ሰው ፕሮዲውሰር የሚባለውን እትም መግዛት አለበት። የሙከራው እትም ደግሞ ፕሮጀክቱን ሴቭ ያደርግና ነገ ልክፈተው ስትሉ አይከፍትላችሁም። ሌሊቱን ሙሉ አቀናብሮ ጠዋት የተዘጋ በር ማግኘት ማለት ነው።

ጭክችካ ለሚሠራ ሰው ከሶፍትዌሩ ስም ይልቅ የምቱ ፍርግርግ ይበልጥበታል። ሁሉም ፕሮግራሞች ሲከፈቱ 4 በ4 ናቸው። ጭክችካውን በዚያ ላይ ተጫውታችሁ «ኳንታይዝ» በ1/16 ብላችሁ ብትጫኑ ሦስት ሦስት የሚቆጠረው ምት አራት አራት ወደሚቆጠር ጥግ ይጎተታል፤ ትከሻ የሚያስነቅለው ነገር ይሞታል። 6 በ8 አድርጉና በ1/8 ኳንታይዝ አድርጉ፤ ወይም በ4 በ4 ላይ ቆይታችሁ የትሪፕሌቱን (ሦስት ሦስት የሚከፋፈለውን) 1/8 ምረጡ። ጥንካሬውንም 100 በመቶ አታድርጉት፤ ከ60 እስከ 80 በቂ ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ የምት ስልቱን በአግባቡ መቀየር የተቻለው ከ20ኛው እትም ወዲህ ስለሆነ አሮጌ ኮፒ ያላችሁ ለዚህ ብቻ ብትቀይሩ ያዋጣል።

አሁን ወደ አዝማሪው። እየተጫወተ ስለሚዘፍን ለያይቶ መቅዳት አይሆንም፤ ማሲንቆውን ብቻውን ተጫወት ብትሉት ጨዋታው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ማይክ በአንድ ጊዜ። አንዱ ከአፉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከጎን ዘንበል ብሎ፤ ሌላው ከማሲንቆው ቆዳ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጭራው ከጭራ የሚፋጭበትን ቦታ በቀጥታ ሳያይ። በቀጥታ ካየው ፍጭቱ ዜማውን ይሸፍነዋል። ድምፁ ሲጮኽ ጫፉ ከ-10 ዲቢ አይለፍ። 24 ቢት የሚቀዳ ሰው ድምፁን ቀይ እስኪነካ የሚያስጮህበት ምክንያት የለም፤ 24 ቢት በሥሌት 144 ዲቢ ያህል ስፋት ስላለው ዝቅ አድርጋችሁ የቀዳችሁትን በኋላ ማንሳት ትችላላችሁ። ተሰንጥቆ የተቀዳውን ግን የትኛውም ፕላጊን አይመልሰውም።

እዚህ ላይ ኦዳሲቲ ይነሳል። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አለ፣ የማያውቀው የለም። ለቃለ መጠይቅ፣ ለአንድ ሰው ዝማሬ፣ ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ከእሱ የተሻለ መፈለግ አያስፈልግም። ለስቱዲዮ ግን ሦስት ነገር ያንሰዋል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት 3ኛው ትውልድ ዊንዶውስ ላይ አሲዮ የሚባለውን የሳውንድ ካርድ መገናኛ ይዞ ስለማይመጣ አራትና ስምንት ማይክ ያለው ካርድ ብትሰኩም ብዙ ጊዜ ከሁለት ቻናል በላይ አያነሳም። የሚዘፍነው ሰው ራሱን በሶፍትዌሩ በኩል ሪቨርብ (ማስተጋባት) ተጨምሮበት ልስማ ቢል አይመችም። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው «ከምቱ ወደኋላ እቀራለሁ» እያለ የሚማረርበት ነው።

ይህንን ሦስተኛውን ጠጋ ብለን እንየው። በተቀዳ ምት ላይ ድምፅ ስትደርቡ ድምፁ ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ፣ ጆሮ ደርሶ፣ በማይክ ተመልሶ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል። ኦዳሲቲ ይህንን ለማካካስ አዲሱን ቅጂ 130 ሚሊ ሰከንድ ቀደም እንዲል ይስበዋል፤ ቁጥሩ ግምት ነው፣ የእናንተን ካርድ አያውቀውም። ማስተካከያው ይህ ነው፦ የሳውንድ ካርዱን መውጫ በገመድ ከራሱ መግቢያ ጋር አገናኙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጉ። «ሪትም ትራክ» የሚለውን ከጄኔሬት ውስጥ አውጡ። ይህንን እያስጫወታችሁ በሁለተኛ ትራክ ላይ ቅዱ። አቅርባችሁ ስታዩ የሁለቱ ምት ጫፎች ካልተገጣጠሙ ልዩነቱን በሚሊ ሰከንድ ለክታችሁ ከምርጫዎቹ (ፕሪፈረንስ) ውስጥ የላተንሲ (የመዘግየት) ማካካሻውን በዚያው ልክ ቀይሩ። ድገሙት፤ ሲገጥም ተዉት። ካርድ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ነው። አሲዮ የሚጠቀሙት ፕሮግራሞች ይህንን ከካርዱ ጠይቀው ራሳቸው ያሰላሉ።

ለአዝማሪ ሥራ፣ በተለይ በአሮጌ ላፕቶፕ፣ ፍርዳችን ሪፐር ነው። ዊንአምፕን የሠራው ጀስቲን ፍራንክል የጀመረው ነው። መጫኛው 20 ሜጋባይት አይሞላም፤ ዳታ ገዝቶ ለሚያወርድ ሰው ብዙ ጊጋባይት ከሚጠይቁት ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ጥቂት ትራክ ያለ ችግር ይቀዳል። ለ60 ቀን ምንም ሳይጎድል ትሞክሩታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ዓመታዊ ገቢው ከ20,000 ዶላር ለማይበልጥ ሰው ወይም ድርጅት 60 ዶላር ነው። የሱ ጉድለት ሲከፈት ባዶ መሆኑ ነው፤ ከበሮ የለም፣ ፒያኖ የለም፣ ክራርማ አይታሰብም። ሁሉንም ከውጭ ማምጣት ይጠበቅባችኋል። ለኪቦርድ ሰው የማንመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮ ቱልስ ኢንትሮ ነፃ ነው፤ 8 የድምፅ ትራክ ብቻ ይፈቅዳል። ለአዝማሪና ለከበሮ ይበቃል፣ ለባንድ አይበቃም። ዌቭፎርም ፍሪ የትራክ ገደብ የለውም፤ መልኩ ግን ለለመዳችሁት ሁሉ እንግዳ ነው። ሊኑክስ ለሚጠቀም አርዱር አለ። ሎጂክ ከ200 ዶላር በታች ሆኖ የሚሰጠው ብዙ ነው፤ ማኩ ግን ከሎጂኩ ስንት እጥፍ እንደሚያስከፍል ታውቁታላችሁ።

በገንዘቡ ላይ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም፤ ክራክ፣ ማለት ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም። ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። በሥራው ላይ የሚመጣውን ብቻ እንናገር። የተሰበረ ፕሮግራም ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላችኋል፤ የምትቀዱበት ላፕቶፕ የደንበኞቻችሁን ያልወጣ ሥራ የያዘ ነው። ዊንዶውስ ራሱን ባደሰ ማግስት ፕሮግራሙ እምቢ ሊል ይችላል፤ ፕሮጀክቶቹም አብረውት ይዘጋሉ። የተሰበሩ ፕላጊኖች ደግሞ ፕሮግራሙ ሲከፈት በሚደረገው ፍተሻ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ እያወጡ መሞከር ነው። ነፃው ሥራውን የሚችል ከሆነ ይህንን ሁሉ መሸከም ለምን?

ስለ ማሽኑ አጠር አድርገን እንለፍ። የሚቀዳው ሰው ራሱን በኮምፒዩተሩ በኩል የሚሰማ ከሆነ በፈሩን (ኮምፒዩተሩ ድምፁን ከማስተናገዱ በፊት የሚያጠራቅመውን የናሙና ብዛት) 128 ወይም 256 አድርጉ፤ በ48 ኪሎ ኸርዝ 256 ማለት በአንድ አቅጣጫ 5.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሚክስ ላይ 1024 አድርጉት፤ 21 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፣ ግን ማንም አይዘፍንም፣ ላፕቶፑም ይተነፍሳል። ድምፁ ጥርስ እንደነካው ከተንጫጫ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ቀጥሎ የኃይል አጠቃቀሙን ሃይ ፐርፎርማንስ አድርጉ፣ ከዚያ በፈሩን ጨምሩ። ቻርጀር ስትሰኩ ብቻ የሚመጣ እምምታ ካለ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከምድር ሽቦው ጋር የተያያዘ ነው፤ የእኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ስለሆነ እምምታው በ50፣ በ100፣ በ150 ላይ ይቀመጣል። በሶፍትዌር ጠባብ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል። ይሁንና ድምፃዊው ሲዘፍን ብቻ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ከሁሉም ይሻላል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚመታ ዝናብ ግን በምንም አይቆረጥም፤ የዝናቡ ድምፅ በሁሉም ከፍታ ላይ የተዘረጋ ስለሆነ እሱን ስትቀንሱ ድምፃዊውንም ትቀንሳላችሁ። ጠብቁት።

የኦዳሲቲን ኖይዝ ሪዳክሽን ለጄኔሬተር ድምፅ የምትጠቀሙ ድምፃዊው ዝም ያለበትን ሁለት ሰከንድ መርጣችሁ ናሙናውን ውሰዱ፣ ቅነሳውን ከ6 እስከ 12 ዲቢ አድርጉ። 20 እና 24 ካላችሁት ሰውዬው ከጣና ሥር የሚዘፍን ይመስላል።

መብራቱስ? ሪፐር ላይ ምርጫዎች፣ ፕሮጀክት ከሚለው ገብታችሁ በየ5 ደቂቃው ሰዓት በተጻፈበት አዲስ ፋይል ሴቭ እንዲያደርግ እዘዙት። እየቀዳም ቢሆን ሴቭ እንዲያደርግ የሚለውን ምርጫ አብራችሁ ክፈቱ። ዴስክቶፕ የሚጠቀም ሰው ዩፒኤስ ከሌለው ስለ ሶፍትዌር መነጋገሩ ራሱ ጊዜው አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው ቸል ወደሚለው እንምጣ፤ ቋንቋችን። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ እዚሁ ናቸው፣ አዝማሪውም ሰምና ወርቅ ሳይቀላቅል አይውልም። ወርቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በጥብቅና በላላ ላይ ነው። «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ነገር ነው፤ «አለ»ም እንደዚሁ። አንድ ፊደል ሲጠብቅ የሚሆነው ረዘም ብሎ መያዙ ነው፤ እንደ ተ፣ ከ፣ ጠ ባሉት ላይ ደግሞ አፍ ለአፍታ ዘግቶ ይቆያል። ዝምታ ነው። ረጅም ሪቨርብ ያንን ዝምታ ይሞላዋል፤ ጠብቆ የተባለው ላልቶ ይሰማል፣ ወርቁም ይጠፋል። ስለዚህ ለአዝማሪ ድምፅ ሪቨርቡን ከ1.2 ሰከንድ በታች ያዙት፣ ፕሪዲሌይ የሚለውን (ማስተጋባቱ እስኪጀምር ያለውን ክፍተት) ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ስጡት፣ ከዚያም ከሚመስላችሁ ትንሽ ቀንሱት።

ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ የሚባሉት ፈንጂ ፊደሎችም ከኮምፕሬሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ ከሚጫነው መሣሪያ) ጋር ጠብ አላቸው። አታኩን (መጫን እስኪጀምር የሚወስደውን ጊዜ) 1 ሚሊ ሰከንድ ካደረጋችሁት የፊደሉን ፍንዳታ ገና ሲነሳ ይጫነዋል፤ «ጠላ» እና «ተላ» ይቀራረባሉ። ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ስጡት፤ ፍንዳታው ያልፋል፣ የተከተለው አናባቢ ይያዛል። የሰን ፉጨት የሚቀንሰው ዲኤሰርም ሲበዛ ጸን ወደ ሰ ይጎትተዋል። ከውጭ የሚመጡት ፕሪሴቶች (ቀድመው የተዘጋጁ ማስተካከያዎች) እነዚህ ፊደላት በሌሉት በእንግሊዝኛ ዘፈን ላይ የተሞከሩ ናቸው፤ መነሻ ይሁኑ እንጂ መድረሻ አይደሉም።

ቅኝትም እንደዚሁ። የድምፃዊን ቅኝት የሚያርሙትን ኦቶቲዩን ወይም የሪፐሩን ሪቲዩን ከፍታችሁ «ሲ ሜጀር» (ከዶ የሚነሳው ሜጀር) ብላችሁ ለትዝታ ከሰጣችሁት ሰባት ድምፅ ሰጣችሁት ማለት ነው። ትዝታ ሜጀር አምስት ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ድምፃዊዋ ከሚ ወደ ሶል ስትንሸራተት ማሽኑ መንገድ ላይ ፋ የሚባል ጎረቤት ያገኝና እዚያ ያስቆማታል። ያ ድምፅ በትዝታ ውስጥ የለም፤ ሰሚው ምን እንደጎረበጠው ሳያውቅ ይጎረብጠዋል። ፋንና ሲን አጥፉ። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ብቻ ክፈቱ (ቤሞል ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፤ ሜጀርም ማይነርም ብትሉ የሚገጥም የለም። ፍጥነቱንም አዘግዩት፤ በጣም ከፈጠነ ቅላጼዋን እንደ ስህተት ቆጥሮ ያቀናዋል። ማሲንቆው ላይ ከናካቴው አትጫኑት፤ ማሲንቆ ፒያኖ አይደለም።

ሥራውን ለሌላ አራንጀር (አቀናባሪ) ወይም ለማስተሪንግ፣ ማለት ያለቀው ሚክስ ከመውጣቱ በፊት ለሚደረግለት የመጨረሻ ማስተካከያ፣ የምትልኩ ከሆነ ሶፍትዌራችሁ ከተቀባዩ ሶፍትዌር ጋር ይለያያል ብላችሁ አትጨነቁ። የሪፐርን ፕሮጀክት ኩቤዝ አይከፍተውም፤ ዌቭን ግን ሁሉም ይከፍታል። እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው አውጡ፤ ዋሽንቱ የሚገባው ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ቢሆንም ከፊቱ ያለው ዝምታ ይከተለው። 24 ቢት፣ በተቀዳበት ሳምፕል ሬት (በሰከንድ በሚወሰደው የናሙና ብዛት)። ስሙ «ትራክ 07» ሳይሆን «ማሲንቆ_ቅርብ» ይሁን። የምቱን ፍጥነት በጽሑፍ ላኩ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል፣ ዚፕ አድርጋችሁ፤ በድምፅ መልእክት መልክ የተላከ ነገር ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። መጠኑንም አስቀድማችሁ አስሉ፤ ሞኖ 24 ቢት በ48 ኪሎ ኸርዝ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ነው። 12 ትራክ ያለው የ5 ደቂቃ ዘፈን 518 ሜጋባይት ይሆናል።

ማስተሪንግ። ለዚህ የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዌቭላብ አለ፣ ስቱዲዮ ዋን ውስጥ ለአልበም የሚሆን የተለየ ገጽ አለ፣ ኦዞን የሚባለው ፕላጊን አለ። አሥር ዘፈን ለሲዲ ደርድሮ ክፍተቱን፣ ስሙንና ኮዱን ለሚያስገባ ሰው ዌቭላብ ዋጋውን ያወጣል። አንድ ዘፈን ለዩቲዩብ ለሚያወጣ ሰው ግን ያለው ፕሮግራም በቂ ነው፤ ሚክሱ ካለበት ፕሮጀክት ተለይቶ በአዲስ ፕሮጀክት ይሠራ እንጂ። ሚክሱ ላይ እያሉ ማስተር ማድረግ መጥፎ ነው የምንለው ፌደር ስትነኩ ሊሚተሩ (ድምፅ ከጣሪያ እንዳያልፍ የሚያግደው) ስለሚሸፍንላችሁ ነው፤ ከበሮ ጨመራችሁ፣ ድምፃዊው ወረደ፣ ለምን እንደሆነ አታውቁም።

ሚክሱን ያለ ሊሚተር፣ ጫፉ -6 ዲቢ አካባቢ አድርጋችሁ አውጡ። አንድ ሌሊት ይደር። በአዲሱ ፕሮጀክት መጀመሪያ ከ30 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ የማይሰማ ነገር ነው፣ የሊሚተሩን ቦታ ግን ይበላል። ቀጥሎ ኢኪው (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማመጣጠኛ)፣ 1 ወይም 2 ዲቢ። 5 ዲቢ ካስፈለጋችሁ ችግሩ ሚክሱ ላይ ነው፣ ተመለሱ። ኮምፕሬሰሩ 1.5 ለ1 ወይም 2 ለ1፣ መርፌው ከ2 ዲቢ በላይ አይውረድ። መጨረሻ ላይ ሊሚተር፣ ጣሪያው በትሩ ፒክ (በእውነተኛው የሞገድ ጫፍ) -1 ዲቢ። ዜሮ ላይ ብታደርጉት ወደ ኤምፒ3 ወይም ወደ ዩቲዩብ ሲጨመቅ ጫፎቹ ከዜሮ ያልፉና ይሰነጠቃሉ።

ምን ያህል ይጩህ? ዩቲዩብም ስፖቲፋይም መለኪያቸው -14 ሉፍስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) አካባቢ ነው። ዘፈናችሁን ጨፍልቃችሁ -8 ብታደርሱት ዩቲዩብ 6 ዲቢ ይቀንሰዋል፤ ጩኸቱ ይሄድና ጭፍለቃው ይቀራል። ከጎኑ -13 ላይ የተተወ ዘፈን ከበሮው እየዘለለ ይሰማል። ከ-14 በታች ያለውን ደግሞ ዩቲዩብ ከፍ አያደርግላችሁም፤ ስለዚህ -20 ላይ ትታችሁ እሱ ያስተካክለዋል አትበሉ። እኛ ከ-13 እስከ -11 ያለውን እንመርጣለን። ለጭፈራ ቤት የሚሄድ ካለ ሌላ ኮፒ አውጡለት። መለኪያው ነፃ ነው፤ ዩሊን ላውድነስ ሜተር የሚባል ፕላጊን በሁሉም ላይ ይሠራል። ሪፐር ደግሞ ፋይሉን ሳያወጣ «ድራይ ራን» በሚለው አስልቶ ይነግራችኋል። ወደ 16 ቢት የምትወርዱ ከሆነ ዲተር (ቢት ሲቀነስ የሚጨመር ስስ ሹክታ) አንድ ጊዜ፣ የመጨረሻው ላይ ብቻ። 24 ሆኖ ለሚሄድ አትጨነቁበት።

ከዚያ ባጃጅ ውስጥ ግቡ። ቀልድ አይደለም። ብዙው ባጃጅና ሚኒባስ በአንድ የቀረ ስፒከር ነው የሚጫወተው፤ ሙዚቃችሁ ሞኖ ሆኖ የሚፈተነው እዚያ ነው። ስቴሪዮ ማስፊያ ፕላጊን በኪቦርዱ ላይ ከልክ በላይ ተጭኖ ከሆነ ግራና ቀኙ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ፤ ኪቦርዱ የለም። ስቱዲዮ ሳላችሁም በማስተሩ ላይ ሞኖ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ሚክስ ላይ ሳላችሁ በየሰዓቱ ተጫኑት።

የመጨረሻው ነገር እየቀዳ መብራት የሄደበት ፋይል ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ፋይሉ 200 ሜጋባይት ያሳያል፣ ግን አይከፈትም፣ ወይም ዜሮ ሰከንድ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ድምፁ አልጠፋም። የዌቭ ፋይል ራስጌ ላይ የርዝመቱ ቁጥር የሚጻፈው ቅጂው ሲዘጋ ስለሆነ ቁጥሩ ሳይጻፍ ቀርቶ ነው። ፋይሉን መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፤ በዋናው ላይ አትሥሩ። ኦዳሲቲን ክፈቱ፣ ፋይል፣ ኢምፖርት፣ ሮው ዳታ። 24 ቢት ፒሲኤም፣ ሊትል ኤንዲያን፣ ሞኖ ከሆነ 1 ቻናል፣ የቀዳችሁበትን 48000 ወይም 44100 ስጡት። ኃይለኛ ሹክታ ብቻ ከሰማችሁ ቢቱን ወይም የባይት መነሻውን ሳታችሁ ማለት ነው፤ መነሻውን በአንድ እና በሁለት ባይት ገፋ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ዘፈኑ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ሳምፕል ሬቱ ወይም የቻናሉ ብዛት ነው። ድምፁ በትክክል ሲመጣ መጀመሪያው ላይ ጠቅ የሚል ነገር ትሰማላችሁ፤ ራስጌው ራሱ እንደ ድምፅ ተነቦ ነው፣ ቁረጡት።

እንዲህ ሆኖ የቀረ ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ላፕቶፑ እዚህ ክፍት ነው፣ ወደፊት ኑና አብረን እንሞክረው።